ድምፅ የተከለከለበት ክፍል

አፌ የተዘጋው ሳላውቀው ነው። ጠዋት ከእንቅልፌ ተነስቼ ላዛጋ ስል መንጋጋዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ትንሽ ሄደና ቆመ። አገጬን በእጄ ይዤ ወደ ታች ብስበው ከግራ ጆሮዬ ሥር የተነሳ ሕመም አንገቴን ይዞ እስከ ትከሻዬ ወረደ፤ ዓይኔም እንባ ሞላ። መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። በላይኛውና በታችኛው ጥርሴ መካከል የቀረው ክፍተት የትንሿን ጣቴን ጥፍር እንኳ በግድ የሚያስገባ ነበር። ፊቴ ላይ ግን ምንም የለም። እብጠት የለም፣ ቁስል የለም። ያው የኔ ፊት ነው።

ለእትዬ አልነገርኳትም። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ የምኖረው እሷ ቤት ነው። ቁርስ ስታቀርብልኝ ሆዴን መታ መታ አድርጌ ጠግቤአለሁ አልኳት።

«በምኑ ነው የጠገብከው? በሕልም?» አለችና ተወችኝ። ጠዋት ጠዋት ከኔ አፍ ቃል እንደማይወጣ ስለምታውቅ ዝምታዬ አላስደነገጣትም።

ሥራዬ ሶፋ ማደስ ነው። ያረጀ ሶፋ ይመጣልናል፤ ጨርቁን ገፍፈን፣ ስፕሪንጉን አጥብቀን፣ አዲስ ስፖንጅ ሞልተን፣ አዲስ ጨርቅ እናለብሰዋለን። ጨርቁን ከእንጨቱ ጋር የሚያይዙት ጭንቅላታቸው ሰፋ ያለ ጥቃቅን ሚስማሮች ናቸው። አንዱ እጅ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፤ ሌላው መዶሻውን ይይዛል። ሚስማር የሚያቀብል ሦስተኛ እጅ ስለሌለ ሚስማሮቹ አፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቆንጥረህ ትጎርሳለህ። ምላስህ አንዱን ለይታ፣ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አዙራ ከንፈርህ ላይ ታመጣዋለች፤ ማግኔት ያለው መዶሻም ከከንፈርህ ላይ ያነሳዋል። እየሠራን ይወጋናል። ጣት ይወጋል፣ ከንፈር ይወጋል፣ ድድ ይወጋል። እንትፍ ብለን እንቀጥላለን።

የዚያን ቀን ሚስማሮቹን ወደ አፌ ባቀርባቸው በር ተዘግቶባቸው ከንፈሬ ላይ ተንጠባጠቡ።

«ሙሽሪት! ዛሬ ሚስማሩ ጨው አንሶታል እንዴ?» አለ ሬዲዮ። ሬዲዮ የምንለው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው። እኔን ሙሽሪት የሚለኝ ደግሞ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን መሬት ላይ ስለምተክል ነው።

«አልከፈት አለኝ» አልኩት በጥርሴ መሐል።

«ምኑ?»

«አፌ።»

«ድሮስ መቼ ተከፍቶ ያውቃል!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

አለቃችን ግን አልሳቀም። ጋሼ ነው የምንለው፤ ሽማግሌ ነው፤ በሥራ ብዛት የአውራ ጣቱ ጥፍር እንደ ቀንድ ጠንክሯል። መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። «ክፈት» አለኝ። ሞከርኩ። «በደንብ ክፈት!» እንደገና ሞከርኩ። የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ወጣት ሳለ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው በመንጋጋ ቆልፍ ሞቶበታል። በሚስማር ቁስል ገብቶ መጀመሪያ መንጋጋን የሚዘጋ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነትን እንደ ቀስት የሚገትር በሽታ ነው። ያንን ሰው ጋሼ ራሱ በትከሻው ተሸክሞ ሐኪም ቤት አድርሶታል፤ ተመልሶ ግን አልመጣም።

«ሬዲዮ፣ መኪና ጥራ» አለ። ሬዲዮም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳይጨምር ሮጠ።

ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ ቀድማን ደርሳለች። ሬዲዮ ደውሎላት ምን እንዳላት እንጃ፣ ነጠላ ጫማዋ ግራና ቀኝ የተለያየ ነበር። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል፤ ግን ትዕግሥተኛ ነው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሚስማር ወግቶህ ያውቃል?»

ጋሼ መራራ ሳቅ ሳቀ። «ዶክተር፣ ሶፋ ሠሪ ነው እኮ። ዓሣን ውኃ ነክቶህ ያውቃል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።»

«በቅርቡስ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ከንፈሬ ላይ ያለውን ጭረት አሳየሁት።

«አንገትህን ይገትርሃል?»

አገጬን ወደ ደረቴ ላወርድ ሞከርኩ፤ በግራ በኩል አልሄድልህ አለኝ። አዎ።

«ጀርባህንስ ያምሃል?»

ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ጎንብሶ ጀርባውን የማያመው ሰው የት አለ? አዎ።

«መዋጥስ?»

ምራቄን መዋጥ ካቃተኝ ሰዓታት አልፈዋል። አዎ።

«ክትባት ወስዷል?»

እትዬ አንገቷን ደፋች። «በልጅነቱ አልተከተበም ዶክተር። እናታችን ታማ ነበር።»

ሐኪሙ በምላስ መጫኛው ጠፍጣፋ እንጨት ጥርሴን ሊያላቅቅ ሞከረ፤ እንጨቱ ጫፉ ብቻ ገብቶ ቆመ። በባትሪ ሲያይ የሚታየው የፊት ጥርሴ ነው። ጉንጬን ዳሰሰ። «እብጠት የለውም» አለ ከጎኑ ለቆመችው ነርስ። ከዚያ ተነሳ፤ ተነስቶ ወደ እትዬ ዞረ። ሐኪም ከበሽተኛው ወደ ቤተሰቡ ሲዞር ነገሩ ክፉ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልጠየቅ ቀረሁ። በግራ በኩል፣ ከታች፣ መጨረሻ ላይ ያለው ጥርሴ ለሳምንታት ሲያሠቃየኝ ከርሞ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ እየተነሳሁ ግድግዳ ላይ ግንባሬን አስደግፍ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ጥርሴን ታመምኩ ማለት ሐኪም ፊት አፍ መክፈት ነው፤ የአፌ ሽታ ደግሞ ለራሴም እየተሰማኝ ነበር። ሰው ሲያናግረኝ አፌን በእጄ መሸፈን ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ። ሄደልኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ ረሳሁት። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ በአእምሮዬ አልነበረም። በአእምሮዬ የነበረው ጋሼ የተሸከመው ሰው ነው።

የተመደብኩበት ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። በሩ ላይ በትልቁ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ነርሷ፣ ሁሉም ሲስተር እንደሚላት እኔም ሲስተር እላታለሁ፣ በሩ አጠገብ አቆመችኝና በሹክሹክታ አስጠነቀቀችኝ።

«እዚህ ውስጥ ድምፅ የለም፤ ብርሃንም የለም። የዚህ በሽታ ታማሚ ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ ይገተራል፤ ሲገተር ደግሞ ትንፋሹ ይቆማል። ውስጥ አንድ ሰው አለ። ባለፈው አንዱ በሩን ሲያላትመው ልናጣው ነበር። ስለዚህ ምንም ቢሆን አትጩህ፣ ምንም ነገር አታንኳኳ። ገባህ?»

ነቀነቅኩ።

«ስትፈልገኝ እጅህን ከፍ አድርግ። በዚች መስታወት አይሃለሁ» አለችና በሩ ላይ ያለችውን መዳፍ የምታህል መስታወት አሳየችኝ።

እትዬ እንድትገባ አልተፈቀደላትም። ልታቅፈኝ ፈልጋ፣ እንዳትነካኝ ፈርታ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ብቻ ቆልፋልኝ ቀረች።

ቀን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ቀን የለም። መስኮቶቹ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በሩ ከውስጥ በኩል ድምፅ እንዳያስተላልፍ በስፖንጅና በላስቲክ ተለብጧል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ተሸብሽቧል። እኔ ብሠራው ኖሮ ብዬ ወዲያው በሐሳቤ አፈርኩ። ሁለት አልጋ አለ። በአንዱ ላይ አትክልተኛ የሆነ ሰው ተኝቷል። የመኮትኮቻ ብረት እግሩን ወግቶት ነው አለች ሲስተር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ፊቱን አየሁት። የሚስቅ ይመስላል፤ ግን አይስቅም። ከንፈሩ ወደ ጎንና ጎን ተወጥሮ ጥርሱ በሙሉ ወጥቷል፤ ከግንባሩ ላብ ይወርዳል። ዓይኑ ብቻ ነው የሰው ዓይን የሚመስለው። ያ ዓይን ወደኔ ዞረና አየኝ።

በክንዴ ላይ መርፌ ሰኩልኝ፤ ከላይ የተሰቀለ መድኃኒት ይንጠባጠብ ጀመር። ሌላ መርፌ ደግሞ ወጉኝ፤ ሰውነቴ እንደ ውኃ የነካው ስፖንጅ ከበደኝ። ሲስተር በጨርቅ ጫማዋ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። የበሩን እጀታ ስትለቀው በሌላው እጇ አፍና ነው፤ መቀርቀሪያው ባለ ስፕሪንግ ስለሆነ ካልታፈነ ቀጭ ይላል።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ።

ውጭ የሆነ ሰው ባልዲ ጣለ። ድምፁ እዚህ ሲደርስ ትንሽ ነበር፤ በር እንደ መንካት ያህል። አትክልተኛው ግን ከአልጋው ተነሳ። ተነሳ ስል ቆመ ማለቴ አይደለም። ተረከዙና የራስ ቅሉ አልጋው ላይ ቀርተው መሐሉ እንደ ድልድይ ወደ ላይ ተሰቀለ። አልጮኸም፤ የሚጮህበት አፍ የለውም። በጥርሱ መሐል የሚወጣ ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆመ። ሲስተር ገብታ መርፌ ስትወጋው፣ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ሁሉንም አየሁ። ብርድ ልብሴን ጨምድጄ ይዤ ነበር። የኔ ተራ መቼ ነው እያልኩ ነበር። ቀጣዩ ድምፅ የኔን ጀርባ ያነሳዋል ብዬ ጡንቻዬን እያንዳንዱን እያዳመጥኩ ተኛሁ።

እንዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ከመጠበቁ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በሚስማር የሞተውን የጋሼን ጓደኛ አሰብኩት። ስሙን እንኳ አልነገረንም። እኔንም ወደፊት ለአዲስ ሠራተኛ አንድ ልጅ ነበረኝ ብሎ ይነግረው ይሆናል አልኩ።

ምራቄ ተጠራቅሞ መውጫ አጣ። መዋጥ ስሞክር ጉሮሮዬ ውስጥ በግራ በኩል የሆነ ነገር ተቀምጦ መንገድ የከለከለኝ መሰለኝ። በከንፈሬ ጥግ ትራሱ ላይ ይፈስ ጀመር። በጀርባዬ ስሆን አየሩ ይጠብብኛል፤ ቀና ስል ትንሽ ይለቀኛል። ስለዚህ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሲስተር መጥታ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ አስተኛችኝ።

«ተኛ እንጂ» አለች በጆሮዬ። «መቀመጥ ያደክምሃል።»

ያኔ ነው የቀመስኩት። ስታስተኛኝ ከኋላ፣ ከምላሴ ሥር፣ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ጨውና የበሰበሰ ነገር የተቀላቀለበት ጣዕም ነው። ምላሴን ወደዚያ ላክኋት። ሚስማር መለየት የለመደች ምላስ ናት፤ ጨለማ አይከለክላትም። ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ ሥጋው አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ተወጠረ ትራስ ሆኖ አገኘችው። ስትነካው ጆሮዬ ድረስ ነዘረኝ፤ ጣዕሙም እንደገና መጣ።

ጥርሱ አልተወኝም ነበር። ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ነው የሄደው።

የሲስተርን እጅ ያዝኳት። ጣቴን ወደ መንጋጋዬ ጠቆምኩና በተዘጋ አፌ ጥርስ ለማለት ታገልኩ። ድምፁ ወፍራም ሆኖ፣ ትኩስ ነገር እንደጎረሰ ሰው ሆኖ ወጣ። እሷ ግን ሰማችኝ። በደንብ ነው የሰማችኝ።

«አዎ፣ ጥርስህ ተዘግቷል» አለች፤ እጄን እየደባበሰች። «መንጋጋህም ያምሃል። በሽታው ነው፤ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አይዞህ።»

አይደለም ብዬ ራሴን ወዘወዝኩ። እሷም ሞትን ፈርቼ ራሴን የወዘወዝኩ መስሏት፣ «አትሞትም፤ ዝም ብለህ ተኛ» ብላኝ ወጣች። እጀታውን አፍና ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አትክልተኛው እንደገና ወደ ላይ ተሰቀለ። እኔ ግን ተቀምጬ አየዋለሁ። ጀርባዬ የኔ ነው። እግሬ የኔ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ አንድ ጣቴ እንኳ አልተነቃነቀም። ይህ ሰውና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ የታመምነው በሽታ ግን ለየብቻ ነው። እኔ የዚህ ክፍል ሰው አይደለሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቴ ባሰ፤ ምክንያቱም ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ትንፋሼም ማፏጨት ጀምሯል።

እጄን ከፍ አደረግኩ። መስታወቷ ውስጥ ብርሃን ይታያል፤ ሰው ግን የለም። እጄ ዛለ። በሌላው ቀየርኩ። አንድ ጊዜ የሆነ ጥላ አለፈ፤ እጄን አወዛወዝኩ፤ ጥላው ሄደ። እኔ ከጨለማ ብርሃኑን አያለሁ፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ ለሚያይ ሰው ግን እኔ የለሁም።

መጮህ እችል ነበር። ቃል ባይወጣም በጉሮሮዬ መጮህ አያቅተኝም። የአልጋው ጎን ብረት ነው፤ መድኃኒቱ የተሰቀለውም በብረት ዘንግ ላይ ነው፤ አንዱን ከሌላው ባጋጨው ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል። አትክልተኛውን አየሁት። እሱም እያየኝ ነው። ገና ከመገተሩ አልተመለሰም፤ ደረቱ እየዘለለ ነው። ሲስተር ልናጣው ነበር ያለችው ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ትንፋሽ ለማግኘት የማሰማው ድምፅ የሱን ትንፋሽ ይወስዳል። አየር በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ እየገባልኝ ይህን አሰብኩ፤ ያቺ ቀዳዳም ቶሎ አስብ የምትለኝ ይመስል ነበር።

ተነሳሁ። የመድኃኒቱን ከረጢት ከማንጠልጠያው አውርጄ በሸሚዜ ውስጥ አስገባሁት፤ ዘንጉ ጎማ ስላለው ብጎትተው ሲጢጥ ይላል። እግሬ ወለሉን ሲነካ ወለሉ ራሱ የሚሰምጥ መሰለኝ፤ የወጉኝ መርፌ ነው። የአልጋውን ጫፍ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዤ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ምራቄ በአገጬ እየወረደ ደረቴን አረጠበው።

በሩ ጋ ስደርስ እጀታውን ዳሰስኩት። ያው ባለ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንግ ሲጫኑት አይጮህም፤ የሚጮኸው ሲለቁት ነው። ሲስተር ሁለት ጤነኛ እጅ አላት፤ የኔ አንዱ መርፌ የተሰካበት ነው። የትራስ ልብሴን ይዤ መጥቼ ነበር። አጥፌ አጥፌ፣ በምሠራበት ጊዜ ስፕሪንግ እንዳይላወስ በጨርቅ እንደማስረው፣ እጀታውን ከነሥሩ ጠቀለልኩት፤ ጫፉን ደግሞ መቀርቀሪያው በሚገባበት ክፍተት ሰገሰግኩት። ጫንኩ። እንዲህ ሲሆን ትንፋሼን መያዝ ልማዴ ነበር፤ የምይዘው ትንፋሽ ግን አልነበረኝም። መቀርቀሪያው ጨርቁ ውስጥ እንደ ተኛ እንስሳ ገባ። ድምፅ የለም።

ከመክፈቴ በፊት ዞሬ አየሁት። ብርሃን ይገባበታልና ይቅርታ ልለው ፈለግኩ። እሱም ገባው መሰለኝ፤ ዓይኑን ጨፈነልኝ። በጣም ጥብቅ አድርጎ ነው የጨፈነው፤ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሊገባ እንደተዘጋጀ ሰው።

ሰውነቴን ብቻ በምታሳልፍ ስንጥቅ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ቀስ አድርጌ መለስኩት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ብርሃን እንደ ጥፊ መታኝ። ስልክ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት ወለል እየወለወለች ታንጎራጉራለች፤ የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል። ሲስተር የመርፌ ዕቃ የሞላበት የብረት ትሪ ይዛ ከጥጉ ስትመጣ እኔ ግድግዳ እየያዝኩ ከዚያ ክፍል ርቄ፣ ኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ።

አየችኝና ትሪው ከእጇ አመለጠ።

በዚያ ጠባብ ኮሪደር ብረቱ በሲሚንቶው ላይ ሲዘልል፣ ሲንከባለል፣ እንደገና ሲዘልል፣ ወለል የምትወለውለዋ ሴት እንኳ ጆሮዋን ያዘች። እኔ ቆሜያለሁ።

«ማን አስነሳህ! አንተ ልጅ፣ ልትሞት ነው እንዴ...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ትሪውን አየች። እኔን አየች። እንደገና ትሪውን አየች። «ዶክተር!» ብላ ተጣራች፤ በዚህ ጊዜ በሹክሹክታ አይደለም።

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ምን እንደሆነ ነገረችው። ጎንበስ ብሎ ትሪውን አነሳና ጆሮዬ አጠገብ ሆኖ ወለሉ ላይ ወረወረው። እሷ ደነገጠች፤ ወለል የምትወለውለዋም «ኧረ በሕግ!» አለች። እኔ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደረግኩ፤ ያ ብቻ ነው።

«አይገተርም» አለ ሐኪሙ ለራሱ። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ፤ አፌን በእጄ ልሸፍን ስል እጄን ያዘኝ። አሸተተ። አውራ ጣቱን ከግራ መንጋጋዬ ሥር፣ አጥንቱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሲጫን በጥርሴ መሐል አቃሰትኩ።

«ጥርስህን ታመህ ነበር?»

አዎ አልኩት።

«ለምን አልነገርከኝም? ሁሉንም ጥያቄ አዎ ነው ያልከኝ!»

«ሁሉም... እውነት... ነበር» አልኩት፤ በየቃሉ መሐል አየር እየለመንኩ።

አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ያየሁት የፍርሃት መልክ ነው። «ወንበር አምጡ፤ እንዳታስተኙት!» አለ።

ባለ ጎማ ወንበር ላይ አስቀምጠው በግቢው ውስጥ ሲያስሮጡኝ እትዬ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ በጎኔ ትሮጣለች። «ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትወስዱት?» ትላለች። «ጥርስ ክፍል» ሲሏት፣ «ሰው እየሞተ ጥርስ ክፍል!» ብላ ወንበሩን ልታስቆም ሞከረች። ወንበሩን የሚገፉት ሰዎች ገፍተዋት አለፉ።

የጥርስ ሐኪሟ እጀ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አንዴ አየችኝ።

«ና የኔ ልጅ። አፍህን ክፈት አልልህም፤ አትፍራ።»

ያኔ ሳቅ ቢጤ ሊመጣብኝ ነበር። ቀጥ ብዬ እንደተቀመጥኩ ከመንጋጋዬ ሥር በኩል አደነዘዘችኝ። እጄ ለልማዱ ወደ አፌ ሲነሳ ያዘችና ለእትዬ ሰጠቻት። «ይቺን ያዥልኝ። ሽታው የኔ ሥራ ነው፤ እሱ ምን ያሳፍረዋል?» ከዚያ ቢላዋው ሲገባ መገፋቱ እንጂ ሕመሙ አልተሰማኝም። ጣቷን ይሁን ብረት ወደ ውስጥ አስገብታ የሆነ ቦታ ስትደርስ እንደ ተቀደደ ከረጢት ፈረጠ። ትኩስ ነገር በአንገቴ ላይ ወረደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እትዬ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው የኔን እጅ አልለቀቀችም።

«ይኸውልህ» አለች የጥርስ ሐኪሟ፤ ያ ወጣት ሐኪም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ወደ ውጭ ቢያብጥ ሁላችሁም ታዩት ነበር። ይሄ የጥርሱ መግል ግን ወደ ውስጥ ሄዶ የመንጋጋውን ጡንቻ ያዘው። ከዚያ ወደ ጉሮሮው እየወረደ ነበር።»

እኔ የምትለውን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምሰማው ትንፋሼን ነው። ማፏጨቱ ቀነሰ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። አየር ገባ። በሙሉ ገባ። ሳልለምነው ገባ።

ጥርሱ ራሱ የወጣው መንጋጋዬ ትንሽ ሲላቀቅ ነው፤ እስከዚያ አንገቴ ላይ መግሉን የሚያወጣ የላስቲክ ቱቦ ተሰክቶልኝ ብዙ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አስተኙኝ። ወጣቱ ሐኪም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያየኛል። አንድ ቀን ስለ አትክልተኛው ጠየቅኩት። «አለ» አለኝ። «እንዳለ ነው። ገና ነው።» በኮሪደሩ በኩል መሄድ ስችል እስከዚያ በር ሄጄ ቆሜ ነበር። በመስታወቷ ጨለማው ብቻ ነው የሚታየው። ምናልባት እሱ ከውስጥ አይቶኝ ይሆናል።

የተኛሁበት ክፍል እንደ ገበያ ነው። አንዱ ሽማግሌ በስልክ ስለ ጠፋ ቁልፍ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሁለት ሰዎች ካርታ እየተጫወቱ አታለልከኝ ይባባላሉ፤ የሳህን ጋሪ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሬዲዮም ሊጠይቀኝ መጥቶ ለኔ ሊያወራ የመጣውን ለክፍሉ ሁሉ ያወራል፤ ጋሼ ደግሞ ዝም በል እያለ ከሱ በላይ ይጮኻል።

እትዬ ዓይኔን ስጨፍን አየችና ተነሳች። «እናንተ ሰዎች! እባካችሁ ዝቅ አድርጉት፤ በሽተኛ ተኝቷል እኮ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ቀሩ። የዚያ ጸጥታ ክብደት ደረቴ ላይ መጥቶ ሲቀመጥ ተሰማኝ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

«ተያቸው እትዬ» አልኳት። «ይጩሁ።»

ካርታው እንደገና ጠረጴዛውን ሲመታ፣ ሬዲዮ ያቆመበትን ሲቀጥል፣ ትራሴን ከሥሬ አውጥቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። እንዲህ ጠፍጣፋ ሆኜ ከተኛሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።